አምስት ጊፋታ የበላች ልጅ

ማስታወቂያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው የለበትም።

ሶዶ ውስጥ፣ ከአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት በር ፊት ለፊት፣ ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ከዚያ ግቢ የሚወጣው ደብዳቤ፣ የፈተና ወረቀት፣ የወላጆች ስብሰባ ጥሪ ሁሉ በእኔ እጅ ያልፋል። እኔ ደግሞ የተሰጠኝን እንዳለ የምገለብጥ ሰው አይደለሁም፤ አርማለሁ። አራት ነጥብ የሌለው ዓረፍተ ነገር ሳይ ጥርሴን ያመኛል። ስለ ጎረቤቱ አጥር ማመልከቻ ሊያስጽፍ የመጣ ሰው የጎረቤቱን ሚስት ጠባይ ከጨመረበት፣ ሚስቲቱን አወጣና አጥሩን ብቻ አስቀራለሁ። ሰዎቹ ወረቀታቸውን ተቀብለው ሲያነቡ "እኔ እንዲህ ብያለሁ እንዴ?" ይሉኛል። "እንዲህ ማለትህ ነበር" እላለሁ። ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። ቢያንስ እኔ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ከደንበኞቼ ሁሉ የምወዳቸው የትምህርት ቤቱን ርዕሰ መምህር ነው። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው፣ የእጅ ጽሑፋቸው ዶሮ የጫረው የሚመስል ሰው ናቸው። አሳምሬ የጻፍኩትን ወስጄ ስሰጣቸው ሳያነቡ ይፈርማሉ፤ ማኅተሙንም ዷ! ያደርጉበታል። "አንቺ የጻፍሽውን እኔ አላነብም" ይሉኛል፤ "ስህተት የለውማ!" በዚህች ቃል ብቻ ሳምንቱን ሙሉ መሬት ሳልረግጥ እሰነብታለሁ።

ባለፈው ነሐሴ፣ ዝናብ ባላቆመበት አንድ ጠዋት፣ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ከርዕሰ መምህሩ የተላከ ረቂቅ ይዞልኝ መጣ። የቅድመ መደበኛ፣ እኛ ኬጂ የምንለው፣ የምዝገባ ማስታወቂያ ነው። እሳቸው በማግስቱ ለስልጠና ሊሄዱ ስለነበር ቸኩለዋል፤ እኔም ቸኩዬ ጻፍኩት። "እስከ መስከረም 1 ቀን ድረስ አምስት ዓመት የሞላቸው ሕፃናት ብቻ ይመዘገባሉ" የምትለዋን መስመር አደመቅኩ፤ ከሥሯም አሰመርኩባት። ተፈረመ፣ ዷ ተባለ፣ እኔው ራሴ በላስቲክ አሽጌ በሩ ላይ ሰቀልኩት። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ይታየኝ ነበር። "ብቻ" የምትለዋን ቃል በተለይ ወደድኳት።

በሁለተኛው ቀን አንዲት ሴት አቮካዶ የሞላ ዘንቢል ተሸክማ፣ መንታ ሴት ልጆቿን አስከትላ ሱቄ ገባች። ከዲምቱ ወደ ሶዶ ከመጡ ገና ዓመት እንዳልሞላቸው፣ አሁን ኦቶና፣ ከሆስፒታሉ በር አጠገብ አቮካዶ እንደምትሸጥ ነገረችኝ። ከነጠላዋ ጫፍ ሁለት የልደት ምስክር ወረቀት ፈትታ ኮፒ እንዳደርግላት ሰጠችኝ። መቼም የሰው ወረቀት ሳላነብ አላልፍም። መንትዮቹ የተወለዱት መስከረም 21 ነው።

"እነዚህ እኮ አምስት አልሞላቸውም" አልኳት።

"ሊሞላ ነው። ትንሽ ቀን ነው የቀረው።"

"መስከረም 1 ላይ መሙላት አለበት። ይኸው፣ ወረቀቱ ላይ አለ።"

ማንበብ እንደማትችል ስትነግረኝ ወደ በሩ ወስጄ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት። "ብቻ" ላይ ስደርስ ረገጥ አደረግኩት።

"ወረቀቱ ላይ ካለ፣ እሺ" አለች። ወረቀቶቿን መልሳ ቋጠረች፤ ዘንቢሏን አነሳች፤ መንትዮቹን ይዛ ሄደች። እኔም፣ ጭቃ ላይ ተሰልፋ በኋላ ከምትመለስ አሁን ብነግራት ይሻላል ብዬ ረካሁ። እውነቱን ለመናገር በጣም ነው የረካሁት።

አሁን ወደ እኔዋ ልጅ ልምጣ። አባቷ ለሥራ ቤሌ ስለሚሰነብት የሚመጣው ቅዳሜና እሁድ ነው፤ እሷ ቀኑን ሙሉ ከእኔ ጋር፣ ከፎቶ ኮፒው ማሽን ጠረጴዛ ሥር ትውላለች። እዚያ ሥር የራሷን መንግሥት አቋቁማለች። በአንድ ገጹ ብቻ የተጻፈበት ወረቀት፣ የተበላሸ ህትመት፣ ሥራው ያለቀ ረቂቅ ሁሉ ወደ እሷ ይወርዳል፤ በባዶው ገጹ ትስልበታለች። ከጎረቤታችን ልጅ ጋር አብረው ትምህርት ቤት ሊገቡ ተማምለዋል። ቦርሳ ከተገዛላት ሦስት ወር ሆኗታል፤ አቅፋው ትተኛለች። በየቀኑ "መቼ ነው የምገባው?" ስትለኝ "ክረምቱ ሲያልፍ" እላት ነበር። ክረምቱ ደግሞ ይኸው እያለፈ ነው። ዘንድሮ ካልገባች ሌላ ሙሉ ዓመት ጠረጴዛ ሥር ልትቀር ነው፤ ይህን ማሰብ ለእሷም ለእኔም የሚቻል አልነበረም።

ዕድሜዋን ለጠየቀኝ ሁሉ "አምስት ይዛለች" ስል ከረምኩ። በእኛ ቋንቋ አንድ ልጅ አራት በሞላው ማግስት አምስትን ይይዛል፤ በ"ይዛለች" እና በ"ሞልቷታል" መካከል አንድ ሙሉ ዓመት ሊተኛ ይችላል። የሰው ፊደል ስለቅም የምውል ሴትዮ፣ "ይዛለች"ን ስደጋግማት ስደጋግማት በራሴ ጆሮ "ሞልቷታል" ሆና ቀረች።

ልጄን አጠብኳት፤ ጸጉሯን አሠራኋት፤ ቦርሳዋን አሸክሜ መንገዱን አሻገርኳት። መዝጋቢው ወጣት መምህር ነው፤ ሲታይ ደስ የሚል፣ የሶዶ ልጅ። የልደት ወረቀቷን አየና ፊቱ ክፉኛ ቆዘመ።

"እትዬ፣ መስከረም 9 ነው የሚለው።"

"አዎ፣ መስከረም 9። ምን ሆነ?"

"ስምንት ቀን ይጎድላታል።"

"ከምን?"

በእስክሪብቶው ወደ በሩ አመለከተኝ። ዞሬ አየሁ። በእኔ ፊደል፣ በእኔ ላስቲክ፣ "ብቻ" ደምቃና ተሰምሮባት፣ ከሰልፉ መጨረሻ ሳይቀር ትነበባለች።

"ማን ነው ይህን የጻፈው?" አለች ከኋላዬ የቆመች ሴት።

"እኔ" አልኩ።

ሰልፉ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ፣ ሳቁ መጣ። እኔ ደግሞ አንዴ ከጀመርኩ ማቆሚያ የለኝም፤ ዓይኔ እስኪያለቅስ ሳቅኩ። መምህሩም አንገቱን ደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ልጄ ብቻ አልሳቀችም። "ገባሁ?" አለችኝ። "ገና ነው" አልኳት። የጎረቤታችን ልጅ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ አምስት ሞልቷት ስለነበር ፎርሟ ተሞልቶ፣ ከእናቷ አጠገብ በአንድ እግሯ ትዘላለች። ልጄ አየቻት። ከዚያ ቦርሳዋን ከጀርባዋ አውርዳ ደረቷ ላይ ታቀፈችው። ሳቄን ያን ጊዜ አቆምኩ።

መምህሩ አዘነልን። ርዕሰ መምህሩ ጳጉሜን 3 እንደሚመለሱ፣ ምዝገባውም በዚያው ቀን ስድስት ሰዓት ላይ እንደሚዘጋ ነገረኝ። "እሳቸው ከፈቀዱ ነው እንጂ እኔ ከወረቀቱ አልወጣም" አለ። ትክክል ነበር። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እንደዚያ እል ነበር፤ ይህም የበለጠ አናደደኝ።

ለባለቤቴ ደወልኩለት። ነገሩን ሲሰማ እንደ ባል አላጽናናኝም። "አንቺው ጽፈሽ?" አለና የስልኬ ሂሳብ እስኪያልቅ ሳቀብኝ። ከዚያ ሄዶ ለእናቱ ነገራቸው። በማግስቱ የመጀመሪያው የቤሌ አውቶቡስ አማቴን ሶዶ መናኸሪያ አወረዳቸው።

አማቴ ወላይታ ናቸው፤ አማርኛ የተማሩት ገበያ ላይ ነው። በእሳቸው አማርኛ ውስጥ ሴት የሚባል ነገር የለም፤ የልጅ ልጃቸውም "እሱ" ነው፣ እኔም "እሱ" ነኝ፣ እንቁላል የምትጥለው ዶሮም "እሱ" ነው። የእኔ ወላይትኛ ደግሞ እሳቸውን ወንበር አስይዞ ያስቃቸዋል። በዚህ ተቻችለን በፍቅር እንኖራለን። ያን ቀን ግን ለፍቅር ጊዜ አልነበራቸውም። ሻንጣቸውን ሱቄ ውስጥ ወርውረው ልጄን በእጇ ይዘው በቀጥታ ወደ ምዝገባው ጠረጴዛ ሄዱ፤ እኔ ከኋላ እሮጣለሁ።

"ማን ነው ልጄን ቀን ይጎድላል ያለው?"

መምህሩ ከወንበሩ ተነሳ። "እኔ ነኝ፣ እማማ።"

"እሱ አምስት ጊፋታ በልቷል!"

ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው። የሚውለው መስከረም 1 ላይ ሳይሆን ወሩ ከተጋመሰ በኋላ፣ ሽማግሌዎች ቆጥረው በሚለዩት እሁድ ነው። ስለዚህ ሌላው ሰው እንቁጣጣሽ ብሎ አዲሱን ዓመት ሲጀምር፣ ለአማቴ አሮጌው ዓመት ገና አልወጣም፤ እስከ ጊፋታ ድረስ እየተንጠባጠበ ይቆያል። ልጄ የተወለደችው በዚያ ጠብታ ውስጥ ነው። በጊፋታ ከተቆጠረላት የአሮጌው ዓመት ልጅ ናት።

"እማማ" አልኩ፣ ዝም ማለት የማልችለው እኔ፤ "በመጀመሪያው ጊፋታ እኮ የሳምንት ልጅ ነበረች። ምን በላች?"

"ቅቤ!" አመልካች ጣታቸውን ወደ ሰማይ ቀሰሩ። "በዚህ ጣቴ አልሼዋለሁ። አንድ። ሁለተኛው ላይ ቆጮ በልቷል። ሦስተኛው ላይ ዳጣ ነክቶ አቃጥሎት አልቅሷል። አራተኛው ላይ ሥጋ ሰርቋል። አምስተኛው ላይ ደግሞ ሰርቋል። አምስት!"

ሰልፉ ላይ የነበረች አንዲት እንግዳ ሴት ይህ ሁሉ ወንጀል ያለበትን ወንድ ልጅ ፍለጋ ዞር ዞር አለች። ልጄ በኩራት ቆማለች፤ ስለ ሥጋው አላስተባበለችም።

መምህሩ በእጁ አፉን ሸፍኖ ሳቀ። "እማማ፣ እኔም ቤቴ ውስጥ በጊፋታ ነው የምቆጥረው። እናቴ አሁን ብትሰማኝ እራት አትሰጠኝም። ግን እዚህ ጠረጴዛ ላይ መስከረም 1 ነው። ማኅተም አለበት።"

አማቴ ማኅተሙን ቀረብ ብለው አዩት። "እንግዲያው ጆሮ!" አሉ።

የልደት ወረቀት የሚባል ነገር ሳይለመድ በፊት ለትምህርት መድረስ የሚለካው በጆሮ ነበር። ልጁ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን ከነካ ይገባል፤ ካልደረሰ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አማቴ ልጆቻቸውን በሙሉ ያስገቡት በጆሮ ነው። ልጄ ሞከረች። አንድ ጣት ጎደላት።

ከሰዓት በኋላ ሱቄ የጆሮ ማሠልጠኛ ሆነ። አማቴ ወንበሬ ላይ ተቀምጠው ያሠለጥናሉ፤ ልጄ እጇን ትዘረጋለች፤ እኔ ቆሜ እጽፋለሁ። ደንበኞች ምን እየተደረገ እንደሆነ ሲገባቸው ራሳቸውም መሞከር ጀመሩ። የይዞታ ማረጋገጫ ኮፒ ሊያስደርግ የመጣ ጢማም ሰውዬ ጆሮውን ነክቶ "እኔ ደርሻለሁ!" ብሎ ጮኸ። ሁለት የኮሌጅ ተማሪዎች ማን ቀድሞ ይነካል ብለው ተወዳደሩ። ካልሲ አዟሪው ካልሲውን አስቀምጦ ነካ። መንገድ ላይ የቆመ የባጃጅ ሾፌር ሳይቀር መሪውን ለቆ እየሞከረ ነበር። እኔ ከሳቄ ብዛት የአንዱን ሰው ስም ሦስት ጊዜ አሳስቼ ጻፍኩ፤ በሕይወቴ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። መጨረሻ ላይ አማቴ ምስጢሩን ለልጄ በጆሮዋ ነገሯት፦ ጭንቅላትን ትንሽ ዘንበል ማድረግ። ልጄ ዘንበል አለች፤ ነካች። ሱቁ በጭብጨባ ተናጋ።

በማግስቱ ሄዳ ለመምህሩ አሳየችው። መምህሩ አጨበጨበላት፤ ግን ራሱን ነቀነቀ። "ጆሮ ቀርቷል፣ እማማ። አሁን ወረቀት ነው የሚጠየቀው።"

ልጄ ይህን ሰማች። ሱቅ ስንመለስ ጠረጴዛዋ ሥር ገብታ እስክትጠራ ድረስ አልወጣችም።

ጳጉሜን 3 ጠዋት ሦስታችን የርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባን። እኔ ማመልከቻ ይዣለሁ፤ ሁለት ገጽ ሙሉ፣ "ጉዳዩ" ከሥሩ ተሰምሮበት፣ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ሳትጎድል። አማቴ አምስት ጣታቸውን ይዘዋል። ልጄ የታጠፈ ወረቀት ይዛለች። ርዕሰ መምህሩ የእኔን ማመልከቻ ተቀብለው እንደ ልማዳቸው ሳያነቡ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። የአማቴን አምስት ጊፋታ ከሰላምታ ጋር አዳመጡ። ከዚያ ወደ ልጄ ጎንበስ አሉ።

"አንቺስ ምን ይዘሽ መጣሽ?"

"ወረቀት" አለች ልጄ። "ወረቀት ነው የሚጠየቀው ስላሉ።"

ዘረጉት። ቦርሳ ያዘለች ልጅ ተስላበታለች፤ አንድ እጇ ከቁመቷ ይረዝማል፤ በአናቷ ላይ ዞሮ ጆሮዋን ብቻ ሳይሆን ትከሻዋንም ነክቷል። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ክብ አለ። "ይሄ ማኅተሙ ነው" አለቻቸው። ርዕሰ መምህሩ ሳቁ፤ አድንቀው ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረጉት። በዚያው ቅጽበት ሳቃቸው ቆመ። ወረቀቱን ገለበጡት፤ መነጽራቸውን አደረጉ።

"ይሄ የእኔ ጽሑፍ ነው" አሉ።

የማስታወቂያው ረቂቅ ነው። ከጻፍኩት በኋላ እንደ ሌላው ወረቀት ሁሉ ወደ ጠረጴዛው ሥር ወርዶ ነበር። ርዕሰ መምህሩ የራሳቸውን ጫር ጫር ጮክ ብለው አነበቡ፦ "በመስከረም ወር አምስት ዓመት የሚሞላቸው ሕፃናትም ይመዘገባሉ።" አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩኝ። "ታዲያ ይሄ የመስከረም 1 ነገር ከየት መጣ?"

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ትዝ አለኝ። ያ ዝናባማ ጠዋት፣ ችኮላዬ። "በመስከረም ወር? የቱ ቀን?" ብዬ ለብቻዬ አጉረምርሜ ነበር። እንዲህ ልቅ የሆነ አጻጻፍ ደግሞ ምንድን ነው ብዬ "እስከ መስከረም 1" አደረግኩት፤ "የሚሞላቸው"ንም "የሞላቸው" አልኩት። "ም"ን አወጣሁ። በእሷ ቦታ "ብቻ"ን ከራሴ ኪስ አውጥቼ ሰካሁ። ከዚያም አስምሬባት ወደድኳት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ ደስ ባለኝ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "አርሜው ነው።"

ርዕሰ መምህሩ ረቂቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። "ወሩን ሙሉ ክፍት የተውኩት አውቄ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "የመስከረም ልጆች በየዓመቱ በጥቂት ቀን ይቀራሉ።" ከዚያ ከንፈራቸው ጥግ ላይ ሳቅ ብቅ አለ። "ግን ሳላነብ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ስህተት የለውም ብዬ!" እሳቸው ሳቁ፣ እኔ ሳቅኩ፣ አማቴም "አላልኩም?" እያሉ ሳቁ፤ ምንም እንኳን ይህን ጨርሶ ባይሉም። ልጄ መሃል ቆማ አንዳችንን ታያለች፣ ሌላችንን ታያለች።

"ገባሁ?"

"ገባሽ!" አሏት ርዕሰ መምህሩ።

አማቴ ቢሮው ውስጥ እልል አሉ። ልጄ እንደ ኳስ ነጠረች። እኔ አንስቼ አሽከረከርኳት፤ ቦርሳዋ የርዕሰ መምህሩን የእስክሪብቶ ማስቀመጫ ጠራርጎ ወሰደው። ማንም አልተቆጣም። እስክሪብቶ እየለቀምን እንኳ እንስቅ ነበር።

ርዕሰ መምህሩ መምህሩን አስጠሩት። "በዚህ ማስታወቂያ ስንት ልጅ መለስን?"

"ከእሷ በቀር ማንም አልተመለሰም" አለ መምህሩ ልጄን እያየ። "ሌላ የቀን ጉዳይ ያለበት ሰው ጠረጴዛዬ ጋ አልመጣም።"

"ተመስገን" አሉ ርዕሰ መምህሩ።

እኔ ግን ከመሬት ያነሳሁትን እስክሪብቶ እንደያዝኩ ቀረሁ። የአቮካዶዋ ሴት ጠረጴዛው ጋ አልመጣችማ። ከጠረጴዛው በፊት እኔ ነበርኩ። ነጠላ፣ ሁለት ወረቀት፣ "ወረቀቱ ላይ ካለ፣ እሺ።" ሰዓቱን አየሁ፤ አራት ከሩብ ነው። ስድስት ላይ ይዘጋል።

ማስታወቂያውን በአምስት ደቂቃ ጻፍኩት፤ ረቂቁን ፊደል በፊደል፣ ከነልቅነቱ። ርዕሰ መምህሩ በዚህኛው ጊዜ ከላይ እስከ ታች አነበቡና ፈረሙ። አንዱን በሩ ላይ ለጠፍኩ፤ አንድ ኮፒ ይዤ ከልጄ ጋር ባጃጅ ላይ ዘለልኩ። "ኦቶና! ቶሎ!" ሾፌሩ ያ ጆሮውን ሲነካ የነበረው ነው። "ደረሰች?" አለኝ። "ደረሰች፤ አሁን ሌሎቹን ልናመጣ ነው" አልኩት። ነዳው።

ሴትዮዋን ከሆስፒታሉ በር አለፍ ብሎ አገኘኋት፤ አቮካዶዋን በአራት በአራት ደርድራለች። መንትዮቹ አጠገቧ ማዳበሪያ ላይ ተቀምጠዋል። አወቀችኝ። የመጣሁት ልገዛ መስሏት አንድ መደብ አነሳችልኝ።

"ልጆችሽ መግባት ይችላሉ" አልኳት እያለከለክሁ። "ያ ማስታወቂያ ስህተት ነበር። ስህተቱ የእኔ ነው። ሕግ አልነበረም፤ እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

አቮካዶዎቹን ቀስ ብላ ቦታቸው መለሰቻቸው።

"እንዴት አወቅሽ?"

"የእኔም ልጅ ተመለሰችብኝ።"

አየችኝ፤ ልጄንም አየቻት። "ያንቺ ባይመለስ ትመጪ ነበር?"

የምሰጠው ያማረ መልስ ፈለግሁ፤ ቃል ማሳመር ሥራዬ አይደል። አልመጣልኝም። "አልመጣም ነበር" አልኳት። "አላውቅም ነበራ።" በዚያ ሁሉ ቀን ሳቅ ውስጥ አንድም ጊዜ ትዝ እንዳላለችኝ ለራሴም ያን ጊዜ ገባኝ፤ አፈርኩ።

ከዚያ "አሁን ወረቀቱ ላይ አለ?" አለችኝ።

"አለ።"

"አንብቢልኝ።"

አነበብኩላት። የትኛውንም ቃል አልረገጥኩም። ድገሚው አለችኝ፤ ደገምኩት። ከዚያ ተነስታ አቮካዶዋን አጠገቧ ለምትሸጠው ሴት አደራ ሰጠች፤ ነጠላዋን አራገፈች፤ የወረቀቶቹን ቋጠሮ በእጇ ዳሰሰች። "እንሂዳ" አለች፤ "ስድስት ሰዓት ሊሞላ ነው።"

ባጃጇ ውስጥ አምስት ሆነን ተጠቀጠቅን። ልጄ ሥራ አልፈታችም፤ መንትዮቹን ጆሮ ማስነካት ያዘች። "ዘንበል በሉ" ትላቸዋለች። አንደኛዋ ዘንበል ስትል እጇ አልፎ ሄዶ የእህቷን ጆሮ ያዘ። ሌላኛዋም አጸፋውን መለሰች። ሁለቱ ጆሮ ለጆሮ ተያይዘው ሲንከተከቱ ሾፌሩ በመስታወት እያየ "ይቆጠራል! ይቆጠራል!" ይላል። እናትየው ወደ ውጭ እያየች ነበር፤ ትከሻዋ ግን ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል፤ እየሳቀች ነው።

ስንደርስ አማቴ ከምዝገባው ጠረጴዛ አጠገብ ወንበር አስመጥተው ተቀምጠዋል። ማንም ሳይሾማቸው የሚመጣውን ልጅ ሁሉ ስንት ጊፋታ እንደበላ ሲጠይቁ ቆይተዋል። መምህሩም ትቷቸዋል። መንትዮቹን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

"እነዚህስ ስንት ጊፋታ በልቷል?"

እናትየው ደነገጠች። ፈተና መሰላት። እኔን አየችኝ፤ መምህሩን አየችው። "አራት" አለች ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። "ጊፋታ ካለፈ በኋላ ነው የተወለዱት።"

እኔም ደነገጥኩ። ለካ በአማቴም ቁጥር ቢሆን የእኔዋ ትገባለች እንጂ እነዚህ አይገቡም ነበር። መምህሩ "ግድ የለም፣ ወሩ በቂ ነው" ሊል አፉን ሲከፍት አማቴ እጃቸውን አንስተው አስቆሙት። አራት ጣታቸውን አዩ። መንትዮቹን አዩ። ከዚያ የእናትየውን ሆድ አዩ።

"በዚያ ጊፋታ አንተ ምን በላህ?" አሏት።

"እኔ?" አለች እናትየው። "ሁሉንም ነዋ። እርጉዝ ነበርኩ።"

"ታዲያስ!" አማቴ አውራ ጣታቸውን ከአራቱ ጋር አቆሙት። "ሆድ ውስጥ ሆኖ አንዱን በልቷል። አምስት!"

ለማያውቋቸው ልጆች ነው፤ ማንም ሳይለምናቸው። እናትየው አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች፤ ሳቁ ግን አምልጧት ግቢውን ሞላው።

"እውነት ነው" አለች። "ያን ቀን ለሦስት ሰው ነው የበላሁት።"

መምህሩ እስክሪብቶውን አንስቶ የመንትዮቹን ስም ከልጄ ስም ሥር ጻፈ።